በደጃፍ ያለው ድንጋይ የማን ነው? ስለ ሮማ ከተማ የድንጋይ ንጣፍ አጠባበቅ

የሮማ መንገድ ሲነሣ አብዛኛው ሰው የሚያስበው ከከተማው ወጥቶ በየአውራጃው የሚዘረጋውን፥ ጦር የሚመላለስበትን ጐዳና ነው። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ግን በከተማው ውስጥ በየቤቱ ደጃፍ የተነጠፈውን ድንጋይ ነው፤ ይልቁንም ድንጋዩ አንድ ጊዜ ከተነጠፈ በኋላ ማን ይጠርገው፥ ማንስ ይጠግነው እንደ ነበር ነው። የታሪክ ጸሐፊዎች መንገድ ያሠራውን ሰው ስም በደስታ ይጽፋሉ፤ የጠረገውን ግን እምብዛም አያነሡም።

ሊቪዩስ እንደሚነግረን፥ የከተማው መንገዶች በጥቁር ድንጋይ እንዲነጠፉ፥ ከከተማው ውጭ ያሉት ደግሞ ጠጠር እንዲለብሱ በመጀመሪያ ሥራውን በኮንትራት የሰጡት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ174 ዓመት የነበሩት ሴንሶሮች ናቸው። ድንጋዩ ከእሳተ ገሞራ የወጣ ጠንካራ ድንጋይ ነው። ዳሩ ግን ጥንካሬው ብቻውን አይበቃም። የጋሪ መንኰራኵር እየቦረቦረ ቦይ ያወጣበታል፤ ውሃ በስንጥቁ ገብቶ ከሥር ያለውን መደብ ሲያጥበው ድንጋዩ ይሰምጣል፤ አንዱ ሲሰምጥም ጎረቤቱ ይላላል። ስለዚህ የሮማ ንጣፍ የቆየው ድንጋዩ ጠንካራ ስለ ሆነ ነው የሚለው የተለመደ አነጋገር ለእኔ ግማሽ እውነት ብቻ ይመስለኛል። ሌላው ግማሽ በሕግ ውስጥ ይገኛል።

ይህ ሕግ የተጻፈበት የነሐስ ሰሌዳ በ1732 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) በደቡብ ኢጣልያ በጥንታዊቱ ሄራክሊያ አጠገብ ተገኘ፤ ዛሬም በናፖሊ ቤተ መዘክር አለ። ስለ ዘመኑ ሊቃውንት ይከራከራሉ፤ ብዙዎቹ ግን ከዩልዮስ ቄሣር ዘመን፥ ይኸውም ከልደት በፊት ከ45 ዓመት ጋር ያያይዙታል። የሕጉ ቃል ደረቅ ነው፤ ቢሆንም በጥንቃቄ ላነበበው ሰው ከብዙ የጦርነት ታሪክ ይልቅ የከተማውን ኑሮ ያሳያል።

ኤዲል የሚባሉት አራቱ የከተማ ሹማምንት በተመረጡ በ5 ቀን ውስጥ ከተማውን ተከፋፍለው እያንዳንዱ የራሱን ክፍል ይይዛል። ባለቤት የሆነ ሁሉ በሕንጻው ፊት ያለውን መንገድ ኤዲሉ ባዘዘው መሠረት ይጠብቃል፤ ውሃ ተኝቶ ሰው እንዳይተላለፍ እንዳያግድም ኤዲሉ ይቆጣጠራል። የእግረኛውን መተላለፊያ በተመለከተ ሕጉ ይበልጥ ጠንቃቃ ነው፤ በሕንጻው ቁመት ሙሉ፥ ባልተሰበረና ክፍተት በሌለው ድንጋይ ተነጥፎ መገኘት አለበት ይላል። ባለቤቱ ቸል ያለ እንደ ሆነ ኤዲሉ የመንገዱንና የባለቤቱን ስም ጽፎ ቢያንስ 10 ቀን አስቀድሞ በአደባባይ ይለጥፋል፤ ለቤቱም ያስታውቃል። ከዚያ ሥራው በኮንትራት ይሰጣል፥ ዋጋውም በባለቤቱ ላይ ይጻፋል። በ30 ቀን ውስጥ ካልከፈለ የዕዳውን ግማሽ ጨምሮ ይከፍላል። በአንድ ወገን ቤተ መቅደስ ወይም የሕዝብ ሕንጻ፥ በሌላው ወገን የግል ቤት ባለበት መንገድ ደግሞ ግማሹን መንግሥት ያሠራል።

ከባድ ጋሪም ከፀሐይ መውጫ እስከ 10 ሰዓት ድረስ በከተማው ውስጥ እንዳይነዳ ተከልክሏል። ሮማውያን ሰዓትን እንደ እኛ ከፀሐይ መውጫ ይቆጥሩ ስለ ነበር፥ ይህን 10 ሰዓት አውሮፓዊው ተማሪ አስልቶ ሲያገኘው እኛ እንዳለ እናነበዋለን። ከክልከላው ነፃ ከሆኑት ውስጥ ለቤተ መቅደስ ሥራ ዕቃ የሚያመላልሱ ጋሪዎች ይገኛሉ፤ እንዲሁም ሌሊት ገብተው ጠዋት ቆሻሻ ጭነው የሚወጡት። ቆሻሻ መጥረግ ከአማልክት ቤት ግንባታ ጋር በአንድ ሕግ ውስጥ መቈጠሩ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሹሙም ከተጠያቂነት አያመልጥም ነበር። ስዌቶንዮስ እንደ ጻፈው፥ ኋላ ንጉሠ ነገሥት የሆነው ቬስፓስያኖስ ኤዲል ሳለ መንገድ ማስጠረጉን ቸል በማለቱ ካሊጉላ ተቈጥቶ ጭቃ በቶጋው እጥፋት እንዲሞሉበት ወታደሮችን አዘዘ። አንዳንዶች ይህን የመንግሥት ወደ እቅፉ መግባት ምልክት ነው ብለው ተረጐሙት። ተርጓሚዎቹ ብልሆች ናቸው፤ እኔ ግን በዚህ ውስጥ የማየው በስሙ የሚጠየቅ ሰው መኖሩን ነው።

ሕጉ በሥራ ላይ ምን እንደሚመስል ለማየት በ79 ዓ.ም. በእሳተ ገሞራ የተቀበረችው ፖምፔይ ትረዳናለች፤ የሮማ ሕግ ቃል በቃል በዚያ ይሠራ ነበር ለማለት ባይሆንም። የእግረኛው መተላለፊያ በአንድ መንገድ ላይ ሳይቀር ከቤት ቤት ይለያያል፤ አንዱ ከፍ ያለ ነው፥ አንዱ ዝቅ ያለ፤ አንዱ በጥሩ ድንጋይ፥ ሌላው በተደቈሰ ሸክላ የተሠራ ነው። እያንዳንዱ ባለቤት እንደ አቅሙና እንደ ፈቃዱ መሥራቱ በዚህ ይታወቃል። የሕጉም ድካም እዚህ ላይ ነው፤ ባለጠጋው የሚያምር ደጃፍ ሲኖረው ድኻው ያንኑ ሸክም በባዶ ኪስ ይሸከማል። የጋሪውን መንገድ በተመለከተ ደግሞ በ2019 የታተመ ጥናት በንጣፉ ላይ የብረት ጠብታና ሙላት በ434 ቦታ መገኘቱን ገልጧል። አጥኚዎቹ እንደሚሉት የፖምፔይ ሰዎች የተቦረቦረውን ቦታ የቀለጠ ብረት እያፈሰሱ ይሞሉት ነበር፤ ድንጋዩን ነቅሎ እንደገና መንጠፍ መንገዱን ለረጅም ጊዜ ይዘጋልና።

በአገራችን ከ2000ዎቹ አጋማሽ (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ወዲህ ብዙ ከተሞች በኮብልስቶን ተነጥፈዋል፤ በብዙ ሰፈርም ነዋሪው ለደጃፉ መንገድ ገንዘብ አዋጥቷል። ሥራው መልካም ነው፤ ድንጋዩ እየተነሣ እንደገና ሊነጠፍ መቻሉም ከአስፋልት ይልቅ ለጥገና ይመቻል። የሆነ ሆኖ ለውሃ ቧንቧ የተቈፈረውን ቦታ የተመለከተ ሁሉ ነገሩን ያውቀዋል፤ አፈሩ ሳይጠቀጠቅ፥ አሸዋው ሳይደለደል ድንጋዩ እንዲያው ይመለሳል፥ በመጀመሪያው ክረምት ይሰምጣል፥ ውሃም ይቋጥራል። በቈፋሪውና በነዋሪው መካከል ወጪው እንዴት ይከፈል ለሚለው ጥያቄ ከሰሌዳው ሁለት ነገር መውሰድ የሚቻል ይመስለኛል፦ ከሥራው በፊት የሚለጠፈውን የ10 ቀን ማስታወቂያና፥ በአንድ ወገኑ የትምህርት ቤት ወይም የመሥሪያ ቤት አጥር ባለበት መንገድ መንግሥት ግማሹን የሚያሠራበትን ደንብ። የደኻውን ሸክም ግን ሰሌዳው አላቃለለም፤ በዚህ በኩል ሌላ መላ መፈለግ የእኛ ሥራ ነው።