አርባ በመቶው ከየት መጣ?

እ.ኤ.አ. በኦገስት 1911 ድዋይት ሜሪክ የሚባል ሰው ስቶፕዎች ይዞ ቦስተን አጠገብ፣ ዋተርታውን በሚገኘው የአሜሪካ ጦር መሣሪያ ፋብሪካ ብረት ማቅለጫ ክፍል ውስጥ ተገኘ። በክፍሉ የሚሠሩት የቀለጠ ብረት የሚፈስበትን ቅርጽ በአሸዋ የሚያወጡ፣ ሙያቸውን በዓመታት ልፋት የተማሩ ሰዎች ናቸው። ሜሪክ ከአንዱ ሠራተኛ ጎን ቆሞ አሸዋውን ሲያነሳ፣ ሲጠቀጥቅ፣ ሲያለሰልስ እያንዳንዷን ድርጊት በሰዓት እየለካ መዘገበ። ከዚያም ለሥራው የሚበቃ ነው ብሎ ያወጣው ጊዜ ባለሙያዎቹ ከሚያውቁት በእጅጉ ያነሰ ሆነ።

ማታውኑ ሠራተኞቹ ተሰብስበው ለፋብሪካው አዛዥ ለኮሎኔል ዊለር አቤቱታ ጻፉ። ዕድሜ ልካችንን መንግሥትን በቅንነት አገልግለን ሳለ በሰዓት ቆሞ መለካት ውርደት ነው የሚል ነበር። በማግስቱ ኦገስት 11 ቀን ጆሴፍ ኩኒ የተባለ ሠራተኛ “አልለካም” አለ። ተባረረ። ጓደኞቹም ሥራቸውን ጥለው ወጡ።

አድማው የቆየው አንድ ሳምንት ገደማ ነው፤ ጉዳዩ ይመረመራል ሲባሉ ተመለሱ። መዘዙ ግን 38 ዓመት ዘለቀ።

ነገሩን ለመረዳት ከሜሪክ ጀርባ ወደነበረው ሰው መሄድ ያስፈልጋል። ፍሬደሪክ ዊንስሎው ቴይለር እ.ኤ.አ. በ1856 ፊላዴልፊያ ውስጥ ከደህና ቤተሰብ ተወለደ። የሐርቫርድን መግቢያ ፈተና ካለፈ በኋላ ዓይኔን አመመኝ ብሎ ትምህርቱን ተወና ፓምፕ በሚሠራ ፋብሪካ ለማጅ ሆኖ ገባ። በ1878 ሚድቬል ብረታ ብረት ፋብሪካ በተራ ሠራተኛነት ተቀጥሮ፣ ቶርኖ ላይ ሠርቶ፣ ካቦ ሆኖ፣ በመጨረሻ ዋና መሐንዲስ ለመሆን በቃ።

ካቦ በነበረበት ጊዜ ያየው አንድ ነገር እስኪሞት አልለቀቀውም፤ ሠራተኞቹ ይለግማሉ። ቴይለር የልግሙን ምክንያት አልካደም። የሚከፈላቸው ባወጡት ዕቃ ቁጥር ነበር። ተግተው ብዙ ሲያወጡና ገቢያቸው ከፍ ሲል አሠሪው የአንዱን ዕቃ ዋጋ ይቀንስባቸዋል። ዛሬ የሮጠ ነገ በዚያው ደመወዝ እጥፍ ይሠራል ማለት ነው። ስለዚህ አዲስ ገቢውን ነባሮቹ ቀስ በል ይሉታል። የቸኮለውን ያገሉታል። አለቃ ደግሞ ሥራው በእውነት ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ ስለማያውቅ ከጩኸት ሌላ መሣሪያ የለውም። ቴይለር ይህን ክርክር ሰዓት ይፈታዋል ብሎ አመነ። መለካት የጀመረው በ1881 ነው። በዚያው ዓመት በጥንድ ቴኒስ የአሜሪካ ሻምፒዮን ሆኗል፤ ሰውየው በእረፍቱም ዝም ብሎ የሚቀመጥ አልነበረም።

ዘዴው ቀላል ነው። ሥራውን ወደ ትንንሽ ድርጊቶች ትከፋፍላለህ፣ እያንዳንዱን ደጋግመህ ትለካለህ፣ የማይረባውን ትጥላለህ፣ የቀረውን ትደምራለህ። ለመደመር እንዲመች የሰዓቱ ፊት ደቂቃዋን በ60 ሳይሆን በ100 ይከፍላል። ቴይለር እ.ኤ.አ. በ1903 ባሳተመው ጽሑፍ ውስጥ ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኔን የሚያስገርመኝ ሌላ ዕቃ አለ። ከውጭ ሲያዩት ማስታወሻ ደብተር ነው፤ ውስጡ ግን ክፍት ሆኖ ሰዓቶች ተደብቀውበታል። የሚለካው ሰው ደብተሩን በግራ እጁ እንደያዘ ሽፋኑን በጣቱ ጫን ሲያደርግ ሰዓቱ ይነሳል፣ ይቆማል። ሠራተኛው ምንም አያውቅም። ሳይንስ ነው የተባለ ነገር ለምን መደበቅ እንዳስፈለገው ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው።

የቴይለርን ስም በዓለም ያስጠራው ግን ቤተልሔም ብረታ ብረት ፋብሪካ ነው። በ1899 እዚያ ግቢ ውስጥ ቴይለር እንደሚለው 80,000 ቶን ጥሬ ብረት ተከምሮ ነበር። አንዱ ቁራጭ 42 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ሠራተኛው ጎንበስ ብሎ ያነሳል፣ በተዘረጋው ጣውላ ላይ ወጥቶ ባቡሩ ፉርጎ ውስጥ ይጥላል፣ ይመለሳል። ቴይለር እንደጻፈው አንድ ሰው በቀን የሚጭነው 12 ቶን ተኩል ነበር፤ በእርሱ ዘዴ 47 ቶን ተኩል ደረሰ። የቀን ክፍያው ደግሞ ከ1.15 ዶላር ወደ 1.85 ዶላር አደገ። ሥራው ወደ አራት እጥፍ ሲጠጋ ክፍያው የጨመረው 60 በመቶ ገደማ ነው።

ይህ ታሪክ ለብዙ ዓመታት በሥራ አመራር ትምህርት ቤቶች እንደ ወንጌል ሲነገር ቆየ። በ1974 ሁለት ተመራማሪዎች፣ ሬጅ እና ፔሮኒ፣ የፋብሪካውን ሰነዶች ከቴይለር ትረካ ጋር አስተያይተው ብዙው እንደማይገጥም አሳዩ። እኔ የምቆመው አንዱ ቁጥር ላይ ነው። የቴይለር ረዳቶች ጠንካራ የተባሉ አሥር ሠራተኞችን መርጠው ባለ በሌለ ኃይላቸው አንድ ፉርጎ እንዲጭኑ አደረጉ። በዚያ ፍጥነት ቀኑን ሙሉ ቢሠራ አንድ ሰው 75 ቶን ይጭናል ብለው አሰሉ። ከዚያ ለእረፍትና ለመጓተት 40 በመቶ ቀነሱለት። 45 ቶን ቀረ። የቀኑ ሥራም ይኸው ሆነ።

ለምን 40? 30 ወይም 55 ያልሆነው ለምንድን ነው? ስቶፕዎቹ ፉርጎው በስንት ደቂቃ እንደሞላ በትክክል ተናግሯል። አንድ ሰው በ10 ሰዓት ውስጥ ስንት ጊዜ ቁጭ ማለት እንደሚያስፈልገው፣ ነገና ከነገ ወዲያም በዚያው ጉልበት መምጣት ይችል እንደሆነ ግን አልተናገረም፤ አይችልምም። 40ው የተለካ ሳይሆን የተወሰነ ነው። የወሰነውም ብረቱን ያልተሸከመ ሰው ነው። የዋተርታውን ሠራተኞች ይህን ቁጥር አያውቁትም ነበር፤ የተጣሉት ግን እንዲህ ካለው ቁጥር ጋር ነው።

ከአድማው በኋላ የአሜሪካ ምክር ቤት የሠራተኞቹን ቃል ሰማ። የአጣሪ ኮሚቴው ሰብሳቢ ዊልያም ዊልሰን በልጅነቱ በከሰል ማዕድን ጉድጓድ ውስጥ የሠራ፣ በማኅበር መሪነት ያደገ ሰው ነበር። በጃንዋሪ 1912 ቴይለር ቀርቦ ሲመሰክር፣ ዘዴህ “አንደኛ ደረጃ” ለምትለው ሠራተኛ ከሆነ ሌላው የት ይድረስ ተብሎ ተጠየቀ። ቴይለር ስለ ጭነት ፈረስና ስለ ግልቢያ ፈረስ፣ ቀጥሎም ስለሚዘምሩ ወፎች ማስረዳት ያዘ። ዊልሰን፣ እዚህ የምንመረምረው ስለ ፈረስም ስለ ወፍም ሳይሆን ስለ ሰው ነው ብሎ መለሰለት። ከዓመት በኋላ ይኸው ሰው የመጀመሪያው የአሜሪካ የሠራተኛ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነ።

ቴይለር በ59 ዓመቱ በ1915 ሞተ። በዚያው ዓመት ምክር ቤቱ በሠራዊቱ በጀት ላይ አንድ አንቀጽ ጨመረ፤ ከበጀቱ አንዲት ሳንቲም ሠራተኛን በስቶፕዎች ለመለካት እንዳትውል። አንቀጹ በየዓመቱ እየተደጋገመ እስከ 1949 ቆየ።

ከመንግሥት ፋብሪካ ውጭ ያለው ዓለም ግን አልጠበቀም። ከግንበኝነት የተነሳው ፍራንክ ጊልብሬዝ ጡብ ለመደርደር የሚደረገውን 18 እንቅስቃሴ ወደ አምስት ገደማ አወረደ። ከሚስቱ ከሊሊያን ጋር ሆኖ ሠራተኛን በፊልም ማንሳት ጀመረ፤ በፊልሙ ውስጥ የምትታየው ሰዓት ደቂቃን 2,000 ቦታ ትከፍላለች። ባልና ሚስቱ ቴይለርን ስለ ፍጥነት ብቻ ያስባል፣ ድካም መቀነስን ረስቷል ብለው ከእርሱ ተለያዩ። በእኔ ግምት ከሁሉም የተሻለ ያየችው ሊሊያን ናት። 12 ልጆች የወለደችና የሥነ ልቦና ዶክተር የሆነች ሴት፣ የሠራተኛን ወገብ ከሒሳቡ ውጭ ልታደርገው አትችልም ነበር።

ዛሬ ይህ ሁሉ ወደ እኛም ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ2011 ሥራን የማሻሻል ዘዴ የሚያስተምር የካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ፤ በሐዋሳና በሌሎች ኢንዱስትሪ ፓርኮች ደግሞ ኮሌታ መስፋት፣ ቁልፍ መትከል በደቂቃና በደቂቃ ስባሪ ይሰላል። ስሌቱ ከቤተልሔም ወዲህ ተሻሽሏል። በተለካው ጊዜ ላይ የሚጨመር የእረፍት ድርሻ አለ። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ባዘጋጀው የሥራ ጥናት መጽሐፍ በምሳሌነት የቀረበ ሰንጠረዥ ለግል ጉዳይ ለወንድ 5፣ ለሴት 7 በመቶ፣ ለመሠረታዊ ድካም ደግሞ 4 በመቶ ያስባል፤ ቆሞ ለሚሠራ፣ ለሚያጎነብስ፣ ለሚሸከም ሌላ ይጨምራል። ይህም ቢሆን ሰዎች ተነጋግረው የሚስማሙበት ቁጥር እንጂ ከሰዓት ፊት ላይ የሚነበብ አይደለም።

እንግዲህ በእንዲህ ያለ መስመር ላይ የምትሠራ እህት ወይም ወንድም ካላችሁ አንድ ነገር ንገሩልኝ። መሐንዲሱ ስቶፕዎቹን ይዞ አጠገባቸው ሲቆም አይቆጡ፣ አይሽሹም። ለእረፍትና ለድካም ስንት በመቶ እንደታሰበላቸው፣ ቁጥሩንም ማን እንደወሰነው በጽሑፍ እንዲያሳያቸው ይጠይቁት።