የግማሽ ቀን የበረሃ ጉዞ በዱባይ፦ ከመፈረምዎ በፊት

ዱባይ ለአዲስ አበባ ሰው ሩቅ አገር አይደለችም። በረራው አራት ሰዓት ገደማ ነው። ነጋዴው ዕቃ ሊገዛ፣ ባለሙያው ለስብሰባ፣ መንገደኛው አውሮፕላን ሊቀይር፣ ወላጅ እዚያ ተቀጥራ የምትሠራ ልጁን ሊጠይቅ ይሄዳል። ጉዳዩን ጨርሶ አንድ ከሰዓት በኋላ የተረፈውን ሰው ሆቴሉ እንግዳ መቀበያ ላይ የተደረደሩ ባለቀለም ወረቀቶች ይጠብቁታል። ከእነዚህ መካከል “ዴዘርት ሳፋሪ” የሚባለው የግማሽ ቀን የበረሃ ጉዞ አይጠፋም።

እኔም ባለፈው ዓመት ጥር ላይ ከባለቤቴ ጋር ሄጄ ነበር። ይህን የምጽፈው ጉዞውን ለማሞገስም ለማንቋሸሽም አይደለም። ሕግ ተምሬ፣ ወዳጅ ዘመዱን ሁሉ “ሳታነቡ አትፈርሙ” እያልኩ ስመክር ኖሬ፣ በረሃ መሀል ቆሜ ሳላነብ ስለፈረምኩ ነው። የእኔ ስህተት ለሌላው ትምህርት ቢሆን ብዬ የጉዞውን ነገር ከመነሻው ላስረዳ።

ምን እየገዙ ነው?

የተለመደው የከሰዓት በኋላ ጉዞ ስድስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። አንድ ላንድክሩዘር ከሹፌሩ ሌላ ስድስት ሰው ገደማ ከየሆቴሉ ይለቅምና ከከተማ ይወጣል። ከአንድ ሰዓት ለማይበልጥ ጊዜ በአስፋልት ከተነዳ በኋላ ወደ አሸዋው ይገባል። እዚያም ለግማሽ ሰዓት ያህል በአሸዋ ኮረብታዎች ላይ ሽቅብና ቁልቁል ይጋልባል። ቀጥሎ ጀንበር ስትጠልቅ ፎቶ መነሳት አለ። በመጨረሻ ካምፕ ተገብቶ ግመል፣ ሂና፣ ቡና፣ እራትና ጭፈራ ይቀርባል። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ሆቴል ይመልሱዎታል።

ሰዓት ላይ ይጠንቀቁ። ዱባይ ከአዲስ አበባ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች፤ “በሦስት ሰዓት ዝግጁ ይሁኑ” ሲሉም የእኛን ዘጠኝ ሰዓት ማለታቸው ነው። መኪናው ከአምስት ሌሎች ሰዎች ጋር ስለሚጋሩት ብዙ አይጠብቅዎትም።

ዋጋው እንደ ወቅቱና እንደ አቅራቢው ይለያያል። እኛ በሰው 150 ዲርሃም ከፈልን። የዲርሃም ምንዛሪ ከዶላር ጋር የታሰረ በመሆኑ፣ አንድ ዶላር በ3.67 ዲርሃም ሲሰላ፣ 41 ዶላር ያህል ይመጣል። በዚህ ዋጋ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የማይካተቱ ነገሮች አሉ። ባለ አራት ጎማ ሞተር መንዳት፣ ከጭልፊት ጋር ፎቶ መነሳትና ለየት ያለ መቀመጫ ለየብቻ ይከፈልባቸዋል። በጣውላ አሸዋ ላይ መንሸራተት ግን በነጻ የሚጨመርበት ጊዜ ብዙ ነው።

ተስማሚው ወቅት ከኅዳር እስከ መጋቢት ያለው ነው። በበጋቸው ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ስለሚወጣ ጉዞው ደስታ መሆኑ ቀርቶ ቅጣት ይሆናል። በክረምታቸው ደግሞ ጀንበር ከጠለቀች በኋላ ይቀዘቅዛልና ሹራብ አይርሱ። በረመዳን ወር ሙዚቃውና ጭፈራው ስለሚቀንስ ወይም ስለሚቀር ቀድሞ መጠየቅ ይበጃል።

አሸዋውና መኪናው

ብዙዎቹ መኪኖች የሚሄዱት ከዱባይ ወደ ሐታ በሚወስደው መንገድ አካባቢ ወዳለው ላህባብ ነው። የላህባብ አሸዋ ቀይ ነው፤ ያቀላውም የብረት ዝገት ነው። ማምሻውን ፀሐይ ስታርፍበት የፍም ቀለም ይይዛል። ይህን ያየ ሰው ገንዘቤ ባከነ የሚል አይመስለኝም።

የአሸዋ ኮረብታ ሁለት ፊት አለው። ነፋስ የሚመጣበት ፊት ረጋ ብሎ የሚወጣ፣ ጠጠር ያለ ነው። ሌላው ፊት ግን ነፋሱ ተሸክሞ ያመጣውን አሸዋ የሚያራግፍበት በመሆኑ ቀጥ ያለና ልል ነው። ደረቅ አሸዋ ሳይናድ ሊቆም የሚችለው እስከ 34 ዲግሪ ገደማ በሆነ ተዳፋት ስለሆነ፣ ይህ ፊት ሁልጊዜ ለመናድ ተዘጋጅቶ የቆመ ነው። የሹፌሩ ጥበብ በጠንካራው ፊት ኃይል ሰብስቦ መውጣት፣ ጫፉ ላይ ፍጥነት መቀነስ፣ በልሉ ፊት ደግሞ መኪናውን ቀጥ አድርጎ ማውረድ ነው። በጎን ከወረደ መኪናው ሊገለበጥ ይችላል። በዚህ ምክንያት የመኪናው ውስጥ በብረት ቱቦ የተጠናከረ መሆን አለበት። ሲገቡ ቀና ብለው ብረቱን፣ ዝቅ ብለው የወንበርዎን ቀበቶ ይመልከቱ። ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ አይሳፈሩ።

አስፋልቱ ሲያልቅ ሹፌሩ ቆሞ የጎማዎቹን አየር ያስተነፍሳል። ከ35 አካባቢ የነበረው ግፊት ወደ 15 ገደማ ይወርዳል። ጎማው ሲለሰልስ አሸዋው ላይ ሰፋ ብሎ ስለሚያርፍ አይሰምጥም። አገራችን ውስጥ በአሸዋማ ወንዝ ያቋረጠ ሹፌር ሁሉ ይህን ዘዴ ያውቀዋል። ይህ ፋታ አሥር ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ወረቀቱ የሚመጣውም ያኔ ነው።

ወረቀቱ

የእኛ ሹፌር ከፓኪስታን የመጣ፣ ትሑትና ቀልደኛ ሰው ነበር። በእንግሊዝኛና በዓረብኛ የተጻፈ አንድ ገጽ ወረቀት ከእስክሪብቶ ጋር ኮፈኑ ላይ አስቀመጠልን። ፀሐይዋ እያዘቀዘቀች ነበር። አዲስ የተጋቡ ሕንዳውያን ጥንዶች ፈረሙ። አንድ አባት ከጎረምሳ ልጁ ጋር ፈረመ። ባለቤቴ መነጽሯን ሆቴል ረስታ ስለነበር ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋችው፤ “አንተ አይደለህ የሕግ ሰው?” አለችኝ። እኔም እንደ ሕግ ሰው ኮራ ብዬ፣ አንድ መስመር ሳላነብ ፈረምኩ። እሷም እኔን ተከትላ ፈረመች።

አንድ ነገር ልናዘዝ። የወገብ ዲስክ ችግር አለብኝ። ከአራት ዓመት በፊት ሐኪም ከባድ ዕቃ እንዳላነሳና ከሚያንገጫግጭ መንገድ እንድጠነቀቅ አስጠንቅቆኛል። ሆቴል ሳለን ባለቤቴ “ወገብህስ?” ብላ ጠይቃኝ ነበር። “ለግማሽ ሰዓት ምን ይሆናል!” አልኳት። ትኬቱን የሸጠልን ወጣትም ሕፃናት እንኳ እንደሚሄዱ ነግሮን፣ ስለ ጤናችን ግን ምንም ሳይጠይቀን ገንዘቡን ተቀበለ።

ወጣቶቹ ቀድመው ገብተው ስለነበር የተረፈን የመጨረሻው ረድፍ ነው። ይህ ወንበር ከኋላ ጎማ በላይ በመሆኑ መኪናው ሲነጥር ከሁሉ የሚጎዳው እሱ ነው። የመጀመሪያው ኮረብታ አስቆኝ ነበር። ሦስተኛው ላይ መኪናው ጫፉን አልፎ ሲያርፍ ወገቤ ላይ ቢላ የገባ መሰለኝ። ዝም አልኩ። ጎረምሳው ይጮኻል፣ ሙሽሮቹ ይስቃሉ፤ እኔ የሰውን ደስታ ላቋርጥ? ስድስተኛው ወይም ሰባተኛው ላይ ባለቤቴ ፊቴን አይታ “አቁም!” ብላ በአማርኛ ጮኸች። ሹፌሩ ቃሉን ባያውቀውም ድምፁ ገብቶት አቆመ።

ከዚያ በኋላ የተናገረኝን አልረሳውም። “ጌታዬ፣ አሞኛል የሚል ሰው ካለ በዳር በዳር እወስደዋለሁ። ዝም ያለውን ሰው ግን በምን አውቀዋለሁ?” አለኝ። ከፊት ወንበር አስቀምጦ በዝግታ ወደ ካምፑ ወሰደን። አዲስ አበባ ተመልሼ ሦስት ሳምንት ሙሉ ጽሑፌን የጻፍኩት ቆሜ ነው።

ፊርማው ምን ያስከትላል?

ካምፕ ደርሰን ወረቀቱን ጠይቄ በሞባይል መብራት አነበብኩት። ሦስት ነገር ይላል። አንደኛ፣ የልብ፣ የወገብና የአንገት ሕመም የለብኝም፤ በቅርቡ ቀዶ ሕክምና አላደረግሁም፤ ነፍሰ ጡርም አይደለሁም። ሁለተኛ፣ የምሳተፈው በራሴ ኃላፊነት ነው። ሦስተኛ፣ ለሚደርስብኝ ጉዳት ሁሉ፣ ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፣ ድርጅቱም ሹፌሩም ተጠያቂ አይደሉም።

ሰው ሁሉ የሚፈራው ሦስተኛውን ነው። በእኔ አስተያየት ግን ከሦስቱ ደካማው እሱ ነው። በብዙ አገሮች ሕግ ሰው ለሚፈጽመው ከባድ ጥፋት አስቀድሞ “አልጠየቅም” ብሎ በውል ማምለጥ አይችልም። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስም እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጣችው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 296 ላይ፣ ጉዳት ካደረሰ ድርጊት ኃላፊነት ነጻ የሚያደርግ ማናቸውም ቅድመ ሁኔታ ፈራሽ መሆኑን ደንግጋለች። ሕግ ይሻሻላል፣ የአንቀጽ ቁጥር ይቀየራል፤ የመርሁ ምክንያት ግን ግልጽ ነው። ቀበቶ የሌለው ወንበር ላይ አስቀምጦ የወሰደ ድርጅት ፊርማዎን አውጥቶ ቢያሳይ ነገሩ እዚያ ላይ አያበቃም።

የእኔ ችግር የመጀመሪያው አንቀጽ ነበር። እሱ ከኃላፊነት ነጻ የሚያደርግ ቃል አይደለም፤ ስለ ራሴ የሰጠሁት ምስክርነት ነው። ምስክርነቱም ሐሰት ነበር። ልክሰስ ብል ተከሳሹ “ጤነኛ ነኝ ብለህ ነግረኸኛል፤ ብታሳውቀኝ ሌላ መንገድ ነበረኝ” ይላል፤ ሹፌሩም ይህንኑ አፉን ሞልቶ ይመሰክራል። የጉዞ ኢንሹራንስም ቢሆን ያው ነው። የቆየ ሕመምን ያልገለጸ ሰው ካሳ ሲጠይቅ መጀመሪያ የሚከፈተው የሕክምና ፋይሉ ነው። በዚያ ላይ ብዙ የኢንሹራንስ ውሎች ባለ አራት ጎማ ሞተርን የመሰሉ ጨዋታዎችን አይሸፍኑም።

የውሉ ክፋት ያለው ከቃላቱ ይልቅ በሚቀርብበት ቦታ ላይ ነው። ከሆቴል ርቀዋል፣ ገንዘቡ ተከፍሏል፣ አምስት ሰው ይጠብቅዎታል፣ ፀሐይዋ እየጠለቀች ነው። በዚህ ሁኔታ ላይ “ልመለስ” የሚል ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ ውሳኔው መወሰን ያለበት ሆቴል ውስጥ፣ ገንዘቡ ኪስ ውስጥ እያለ ነው።

ካምፑ

ካምፑ ምንጣፍ የተነጠፈበት፣ ትራስ የተደረደረበት አደባባይ ነው። ቴምርና ሄል የገባበት ቀለል ያለ ቡና ይቀርባል፤ ለእኛ አገር ጠጪ ቡናው ውሃ ውሃ ሊለው ይችላል። የግመል ጉዞው የአምስት ደቂቃ ነገር ነው፤ ግመል ሲነሳ ወደ ፊት፣ ቀጥሎም ወደ ኋላ ስለሚወረውር ወገብ ላለበት አይመከርም። ቀሚሱን እያሽከረከረ የሚዞረው ዳንሰኛ የሚያቀርበው ታኑራ ከግብፅ የመጣ ነው፤ የበረሃው ዘላኖች ባህል ነው ብለው እንዳይጽፉ።

እራቱ ጥብስ ይበዛበታል። ሥጋው በእስልምና ሥርዓት የታረደ ስለሆነ ይህን የሚለይ ክርስቲያን ቀድሞ ያስብበት። ጾመኛም አይቸገርም፤ ሽምብራ፣ ሰላጣ፣ ሩዝና ዳቦ አይጠፉም። ሩዙ በቅቤ ወይም በሥጋ መረቅ እንዳልተሠራ ብቻ ይጠይቁ።

እኛ ትራስ ተደግፌ ስቃትት አንዲት ሂና የምትቀባ ልጅ መጥታ “ጋሼ፣ ሐበሻ ነዎት?” አለችኝ። የወሎ ልጅ ናት። ሙቅ ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልታ፣ በፎጣ ጠቅልላ ወገቤ ሥር አደረገችልኝ። “በየሳምንቱ እንደ እርስዎ ያለ ሰው ይመጣል” አለች። የሕግ ምክር ባይሆንም በዚያ ምሽት ከሰማሁት ሁሉ የሚጠቅመው ይህ ነበር።

ከመክፈልዎ በፊት

አንደኛ፣ የሚፈረመውን ወረቀት እዚያው ሆቴል ይጠይቁና ያንብቡ። የማያሳይ ሻጭ ካጋጠመዎት ሌላ ይፈልጉ። ሁለተኛ፣ ድርጅቱ የአስጎብኚነት ፈቃድ እንዳለውና መኪናው ለተሳፋሪዎቹ ኢንሹራንስ እንዳለው ይጠይቁ። ሦስተኛ፣ ሕመምዎን ለሻጩም ለሹፌሩም በግልጽ ይንገሩ፤ የሚቻል ከሆነ በጽሑፍ መልእክት ይላኩት፣ ማስረጃ ይሆናል። አራተኛ፣ ምሳ ቀለል አድርገው ይብሉ፣ ከፊት ወይም ከመካከለኛው ረድፍ ይቀመጡ። አምስተኛ፣ ለማቆም የሚሰጠውን ምልክት ከሹፌሩ ጋር ይስማሙ። አደጋ ከደረሰ የአምቡላንስ ስልክ 998፣ የፖሊስ 999 ነው።

ልብ፣ ወገብ ወይም አንገት ያለበት ሰው፣ ነፍሰ ጡርና ሕፃን የአሸዋ ግልቢያውን ይተዉት። ይህ ማለት በረሃውን አያዩም ማለት አይደለም። ግልቢያውን ትቶ በቀጥታ ወደ ካምፑ የሚወስድ ጉዞ አለ። 225 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ባለው የዱባይ በረሃ ጥብቅ ስፍራ ደግሞ ዝግ ያለ የዱር እንስሳት ጉብኝት አለ። በዚያም የዓረቡን ሳላ ያያሉ፤ አዋሽ ፓርክ ለምናውቀው ሳላ ነጭ ዘመዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ከዱር ጨርሶ ጠፍቶ ነበር፤ በሰው እጅ ከተረፉት ተራብቶ ነው የተመለሰው። ዋጋው ከፍ ይላል። ከፊዚዮቴራፒ ግን ይረክሳል።

ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ ይላሉ እናቶቻችን። ባለቤቴ ይህን ተረት ከበረሃው እስከ ሆቴሉ ሦስት ጊዜ ነገረችኝ። የምመልሰው አልነበረኝም።