«የውጭ ዕቃ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

የምኖረው ነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ጀሞ ነው። የታክሲ ረዳቶች «ጋርመንት! ጋርመንት!» እያሉ የሚጠሩት ሃይሌ ጋርመንት ከዚሁ ብዙም አይርቅም። በሳሪስ በኩል ደግሞ በጥጥ ፋብሪካው ስም የሚጠራው አደይ አበባ አለ። የሰፈሮቻችን ስም ስፌትና ፈትል ይሁን እንጂ፣ በሱቆቻችን የተሰቀለው ልብስ አብዛኛው የቻይናና የቱርክ ነው።

ልብሱስ ይሁን። ባህላችን የምንለውን የቡና ሲኒ ገልብጣችሁ እዩት፤ እሱም በብዛት ከቻይና የመጣ ነው። ነገሩን የሚያስገርመው ሲኒ የሚለው ቃል ራሱ ከዐረብኛ የተወረሰና «የቻይና» ማለት መሆኑ ነው!

እንግዲህ በውጭ ዕቃ መኖር የዛሬ አመል አይደለም። አያቶቻችን የለበሱት አቡጀዲ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በብዛት የአሜሪካ ፋብሪካዎች ውጤት ነበር። የአሜሪካው መልእክተኛ ሮበርት ስኪነር በ1896 ዓ.ም. አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ የንግድ ውል የተዋዋለበት አንዱ ምክንያት ይኸው የጥጥ ጨርቅ ገበያ ነው። ኋላ ርካሹ የጃፓን ጨርቅ አሜሪካኑን ከገበያችን ገፋው። ዛሬ አሜሪካዊው ራሱ ሌላ አገር የተሰፋ ልብስ ለባሽ ሆኗል።

ከለበሰው መካከል የእኛም አለበት። በ2008 ዓ.ም. በተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ የካልቪን ክላይንና የቶሚ ሂልፊገር ባለቤት ፒቪኤች ሸሚዝ ያሰፋ ነበር። በ2014 ዓ.ም. ፋብሪካውን ዘግቶ ወጣ፤ በዚያው ዓመት አገራችን ከአጎዋ ተሰረዘች። ያ ሸሚዝ ለኒውዮርኩ ገዢ የውጭ ዕቃ ነው። ለእኛስ? ስሙ የአሜሪካ፣ ትርፉም የአሜሪካ ነው። የእኛ ድርሻ በዋናነት የልጆቻችን ጉልበት ነበር፤ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የንግድ ትምህርት ቤት በ2011 ዓ.ም. ያወጣው ጥናት መነሻ ደመወዛቸውን በወር 26 ዶላር አድርጎ መዝግቦታል። በሌላ በኩል ቴክኖ ስልክ ከ10 ዓመት በላይ እዚሁ ሲገጣጠም ቆይቷል፤ አካሉ ግን ከቻይና የመጣ ነው። የትኛው ነው የሀገር ውስጥ ምርት?

መንግሥት ጥያቄውን በዝርዝር ሊመልሰው ሞክሮ ነበር። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ውስኪ፣ ሽቶና ማስቲካን ጨምሮ 38 ዓይነት ዕቃዎች የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድላቸው አገደ፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዕገዳውም ተነሣ። በእኔ እምነት ዝርዝሩ የነካው ቅንጦቱን እንጂ ሥሩን አልነበረም። የሀገር ውስጥ የምንለው ፋብሪካ ማሽኑም መለዋወጫውም ኬሚካሉም በዶላር የሚመጣ ነው።

የሕግ ሰው ነኝና ወደ ሕጉ ልመለስ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ በሚሸጠው ዕቃ ላይ የዕቃውን ስምና የተሠራበትን አገር የሚገልጽ መለያ እንዲለጥፍ፣ አለዚያም በወረቀት ጽፎ ለሸማቹ እንዲሰጥ ያዛል። ግዴታው ግልጽ ነው፤ ተራ ዜጋም ሊያነበው ይችላል። አፈጻጸሙን ግን ተዉት። ለጥምቀት ለእህቴ ልጅ የሀበሻ ቀሚስ ስገዛ ጨርቁ የት እንደተሠራ ብጠይቅ ሻጩ «ጋሼ፣ ያው የባህል ነው» ብሎ መለሰልኝ። ጥለቱ በማሽን የታተመ ነበር።

እዚህ ላይ የሚጎዳው ሸማቹ ብቻ አይደለም። የሽሮ ሜዳው ሸማኔ ቀናት ፈጅቶ የሚሠራው ቀሚስ፣ ከውጭ በጥቅል ከመጣ ጨርቅ ጋር ጎን ለጎን ተሰቅሎ፣ ሁለቱም «የሀበሻ» እየተባሉ ይሸጣሉ። ዋጋው የተራራቀበትን ምክንያት የሚናገር ወረቀት ስለሌለ ገዢው ርካሹን ቢያነሣ አይፈረድበትም። ሸማኔው የሚጠይቀው ዕገዳም ድጎማም ላይሆን ይችላል፤ አንድ ቁራጭ መለያ ይበቃው ይሆናል። ይህ ደግሞ ዶላር አይፈልግም፤ የሚፈልገው ተቆጣጣሪ ነው። እኔ በምገበያይባቸው ሱቆች ግን የተሠራበት አገር የተጻፈበት የሀበሻ ቀሚስ እስከ ዛሬ አላየሁም።