ሽምብራ የገባበት የፒዛ ሊጥ በቤት ውስጥ

በአዲስ አበባ ፒዛ ቤቶች «የጾም ፒዛ» የሚባለው ነገር ምን እንደሆነ አብዛኛው አንባቢ ያውቀዋል። አይቡ ቀርቶ የቲማቲም ስልስ፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያና አልፎ አልፎ እንጉዳይ የተበተነበት ነጭ ዱቄት ነው። ሆድ ይሞላል እንጂ የሚገነባ ምግብ ነው ለማለት ያስቸግራል። ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን መሆኑ፣ ረቡዕና ዓርብ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ መኖራቸው ሲታሰብ፣ ልጆቻቸው እንጀራ በወጥ ሰልችቷቸው «ፒዛ ይሠራልን» የሚሏቸው ወላጆች ጥያቄ ቀላል አይደለም። ከሳር ቤት ወደ ጀሞ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለው መካኒሳም ይሁን በሌላው የከተማችን ሰፈር፣ መልሱ ከፒዛው ላይ ሳይሆን ከሊጡ ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ዱቄቱ ውስጥ ሽምብራ ማስገባት ነው።

ነገሩ እንግዳ ቢመስልም የፒዛ አገር የሆነችው ኢጣሊያ ራሷ የምታውቀው ነው። በሰሜን ምዕራብ ኢጣሊያ፣ በጄኖቫና አካባቢዋ፣ «ፋሪናታ» የሚባል ስስ ቂጣ አለ። የሽምብራ ዱቄት፣ ውሃ፣ የወይራ ዘይትና ጨው ብቻ ተበጥብጦ በሰፊ ትሪ ምድጃ ውስጥ የሚጋገር ነው። ድንበር ተሻግሮ በፈረንሳይዋ ኒስ «ሶካ» ይባላል። ከጄኖቫ ተነሥተው ወደ ደቡብ አሜሪካ የተሰደዱት ደግሞ ይዘውት ሄደው፣ ዛሬ በቦነስ አይረስና በሞንቴቪዴዮ ፒዛ ቤቶች «ፋይና» በሚል ስም ይሸጣል። እዚያ ከፒዛው ጎን ሳይሆን ከላዩ ላይ ጭነው ነው የሚበሉት፤ ስሙንም ከፈረስ ግልቢያ ጋር አያይዘውታል። የፈረንሳይ ዳቦ ጋጋሪዎችም ቢሆኑ ከባቄላ ዱቄት አልራቁም። የአገሪቱ የ1993 (እ.ኤ.አ.) የዳቦ ደንብ በባህላዊው ዳቦ ውስጥ እስከ 2 በመቶ የባቄላ ዱቄት እንዲገባ ይፈቅዳል።

በእኛም ቤት ቢሆን የሽምብራን ዱቄት እንደ ሊጥ ማቡካት አዲስ ነገር አይደለም። የሽምብራ ዓሣ የሚሠራው በዘይትና በቅመም ተቦክቶ፣ በዓሣ ቅርጽ ተቆርጦ ነው። ስንዴን ከጥራጥሬ ጋር ማዋሃድም ቢሆን ፋፋ ከተጀመረበት ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አንሥቶ የታወቀ ዘዴ ነው። በስዊድን እርዳታ የተዘጋጀው ይህ የሕፃናት ምግብ ስንዴን ከሽምብራና ከአኩሪ አተር ጋር ያቀላቀለው ያለ ምክንያት አልነበረም። ስንዴ ላይሲን የተባለው የፕሮቲን አካል ያንሰዋል፤ ጥራጥሬ ደግሞ በዚሁ ይበለጽጋል። ጥራጥሬ የሚያንሰውን ሜታዮኒን በበኩሉ ስንዴው ያሟላል። ሁለቱ ሲገናኙ እያንዳንዳቸው ለብቻ ከሚሰጡት የተሻለ ፕሮቲን ይገኛል ማለት ነው።

ጥቅሙን ግን ማጋነን አይገባም። 500 ግራም ነጭ የስንዴ ዱቄት 50 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። ከዚያ ላይ አምስተኛው እጅ በሽምብራ ቢተካ ወደ 60 ግራም ከፍ ይላል። ተአምር አይደለም፤ ዋናው ጥቅም በጥራቱ ላይ ነው። «ታዲያ ለምን በግማሽ አናደርገውም?» የሚል ቢኖር፣ ሊጡ አይነሣም። ሊጥን እንደ ላስቲክ የሚያስለጥጠውና የእርሾውን ጋዝ አፍኖ የሚይዘው ግሉተን ያለው በስንዴው ውስጥ ነው፤ ሽምብራ የለውም። ከ20 እስከ 25 በመቶ ድረስ ሊጡ ይታገሣል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ይሰባበራል፣ ሲጋገርም ጡብ ይሆናል።

ትልቁ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ዱቄቱ ላይ ነው። በየሱቁ የሚሸጠው ሽሮ ቅመም ስላለው ለሊጥ አይሆንም። ነጭ ሽሮም ቢሆን ነጭ ሽንኩርትና ሌላ ቅመም ሊገባበት ስለሚችል ጠይቆ መግዛት ይበጃል። የሚሻለው ሽምብራውን በእህልነቱ ገዝቶ፣ ለቅሞ፣ ለዘብ አድርጎ ቆልቶና ከክቶ ማስፈጨት ነው። ቁሌቱ ጥሬ ጥሬ የሚለውን ሽታ ያጠፋል። ወፍጮ ቤት ሲሄዱ በርበሬ ከተፈጨበት ድንጋይ ላይ እንዳይገባብዎ አስቀድመው ይንገሩ፤ አለበለዚያ ፒዛው ሳያስቡት ያቃጥላል።

እህሉን አይቶ መግዛት ከጣዕም በላይ የሆነ ምክንያትም አለው። ጓያ ከሽምብራ ስለሚረክስ አንዳንዴ ከተፈጨ ጥራጥሬ ጋር ተደባልቆ ይገኛል። ጓያ ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን እግርን ሽባ ያደርጋል፤ ጉዳቱም አይመለስም። በ1970ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) በደምቢያና በፎገራ ብዙ ሰው በዚህ ሳቢያ መጎዳቱ ይታወቃል። አንድ ፒዛ ማንንም ሽባ አያደርግም፤ ነገር ግን ያው ዱቄት ለሽሮውም በየዕለቱ የሚያገለግል ነውና ምን እንደገባበት ማወቅ ተገቢ ነው። በእህልነቱ ሳለ መለየቱ ቀላል ነው፦ ሽምብራ ሹል አፍንጫ አለው፣ ጓያ ግን ማዕዘን ማዕዘን ያለው፣ እንደ ሽብልቅ የጠፈጠፈ ነው።

ለሦስት መካከለኛ ፒዛ የሚሆነው መጠን 400 ግራም የስንዴ ዱቄት፣ 100 ግራም የሽምብራ ዱቄት፣ 320 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውሃ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ደረቅ እርሾ፣ 1 ተኩል የሻይ ማንኪያ ጨው እና 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ነው። መጀመሪያ የሽምብራው ዱቄት በውሃው እኩሌታ ተበጥብጦ 20 ደቂቃ ይቆይ። ሽምብራ ውሃ የሚጠጣው ቀስ ብሎ ስለሆነ ይህ ካልተደረገ ሊጡ መጀመሪያ ቀጭን መስሎ ቆይቶ ይደርቃል። ከዚያ ሁሉም ተደባልቆ 10 ደቂቃ ያህል ይታሽ። እጅ ላይ ትንሽ መጣበቁ አያስደንግጥዎ፤ ዱቄት እየጨመሩ ማድረቅ ፒዛውን ያበላሸዋል።

የውጭ አገር የምግብ መጽሐፍ የሚያዘውን 7 ግራም እርሾ እዚህ መከተል አይመከርም። መካኒሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ2200 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው። አየሩ ስስ በመሆኑ በሊጡ ውስጥ ያለው ጋዝ ቶሎ ይሰፋል፤ ሊጡ ከመጠን በላይ ተነሥቶ መልሶ ይወድቃል። ግሉተኑ በሽምብራ ለሳሳ ሊጥ ደግሞ ይህ የባሰ ነው። ስለዚህ እርሾውን ቀነስ አድርጎ፣ ሰዓቱን ሳይሆን ሊጡን እያዩ፣ እጥፍ ሊሆን ትንሽ ሲቀረው መዳመጥ ነው። ጊዜ ያለው ሰው ማታ አቡክቶ ፍሪጅ ውስጥ ቢያሳድረው ጣዕሙ ይበልጥ ይጥማል።

ምድጃ ያለው በ250 ዲግሪ ከ10 እስከ 12 ደቂቃ ይጋግረዋል። ምድጃ የሌለውም ምጣድ አለው። በምጣድ ሲሆን ግን ሙቀቱ ከሥር ብቻ ስለሚመጣ፣ ሊጡን ስስ አድርጎ በመጀመሪያ አንድ ጎኑን ማብሰል፣ ገልብጦ የበሰለው ጎን ላይ ስልሱንና አትክልቱን ማድረግ፣ ከዚያ አክምባሎ መድፋት ያስፈልጋል። አትክልቱ አስቀድሞ ጠበስ ቢደረግ መልካም ነው፤ ጥሬው ውሃ ይለቅና ሊጡን ያላቁጠዋል።

በዱቄት ፈንታ የተቀቀለ ቦሎቄ ወይም ሽምብራ ፈጭቶ ከስንዴው ጋር የሚያቦካም አለ። 150 ግራም ያህል ለ400 ግራም ስንዴ ይበቃል፤ ውሃው ግን በዚያው ልክ መቀነስ አለበት። ቀይ ቦሎቄ በደንብ ካልበሰለ ኃይለኛ ትውከትና ተቅማጥ ያመጣል። በአዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው በ92 እና በ93 ዲግሪ መካከል ስለሆነ፣ ሌሊቱን ተዘፍዝፎ፣ ውሃው ተደፍቶ፣ በአዲስ ውሃ እየተንተከተከ ከ30 ደቂቃ በላይ ሳይቆይና እስኪለሰልስ ሳይበስል ወደ ሊጥ መግባት የለበትም። ባቄላ ደግሞ በውርስ የሚመጣ የኢንዛይም ጉድለት ላለባቸው ሰዎች ቀይ የደም ሕዋስን ሊያፈርስ ይችላል፤ እንዲህ ያለ ችግር እንዳለባቸው በሐኪም የተነገራቸው በሽምብራው ቢወሰኑ ይሻላል።

ሽምብራ ስለገባበት ብቻ ከግሉተን ነፃ ነው ብሎ የስንዴ ሕመም ላለበት ሰው ማቅረብም አይቻልም፤ አራት አምስተኛው አሁንም ስንዴ ነው። ለእንዲህ ያለው ሰው የሚሆነው ስንዴ ጨርሶ የሌለበት ፋሪናታ ነው። 1 እጅ የሽምብራ ዱቄት በ3 እጅ ውሃ በጥብጦ ጥቂት ሰዓት ማቆየት፣ ዘይትና ጨው ጨምሮ በዘይት በተቀባ ሰፊ ትሪ ላይ በስሱ አፍስሶ፣ ላዩ ወርቃማ እስኪሆን በኃይለኛ እሳት መጋገር ነው። እርሾም መዳመጥም አያስፈልገውም።