ሞካፕ፦ አምሳያ ወይስ ማስመሰያ?

አንድ ወጣት ዲዛይነር በቅርቡ ላፕቶፑን ከፍቶ ሥራዎቹን አሳየኝ። አንደኛው የእቁብ መተግበሪያ ነው፤ ስሙን «ደረሰኝ» ብሎታል። አሥራ ሁለት አባላት በክብ በክብ ፎቶ ተደርድረዋል፣ በየወሩ 5,000 ብር ይጣላል፣ ከግርጌ «የወሩ ባለዕጣ» የሚል አረንጓዴ ሳጥን አለ። አርማው ጫፉ የተቀደደ ቁራጭ ወረቀት ነው። ስሙ ላይ ትንሽ ቆየሁ። ከሱቅ የምንቀበለው ወረቀት ደረሰኝ የተባለው ባለሱቁ «ገንዘቡ ደረሰኝ» ማለቱ ስለሆነ ነው፤ እቁብ የወጣላት ሴትም ለጎረቤቷ የምትነግራት በዚሁ ቃል ነው። ሁለቱ ትርጉሞች አንድ አርማ ላይ ተገናኝተዋል። ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበት የንግድ ስም እንኳ ሁልጊዜ እንዲህ አይገጥምለትም።

«ከየት ነው የማወርደው?» አልኩት።

ሳቀ። «የለም እኮ ጋሼ። ሞካፕ ነው።»

ሞካፕ ገና ያልተሠራን ነገር ተሠርቶ እንዳለቀ አድርጎ የሚያሳይ ሥራ ነው። ቃሉ ወደ ስልክና ኮምፒውተር ከመምጣቱ በፊት በአውሮፕላንና በመኪና ፋብሪካዎች ከእንጨት ወይም ከጭቃ ለሚበጅ ቅርጽ ያገለግል ነበር። ዛሬ ዲዛይነሮች ሞካፕ ሲሉ ፊግማን በመሰለ ሶፍትዌር የተሣለውን የበይነገጽ ምስል ማለታቸው ነው። ቀለሙ፣ ፊደሉ፣ አርማው፣ አዝራሩ ሁሉም በየቦታው አለ፤ አዝራሩን ብትነኩት ግን ምንም አይሆንም። ሳጥንና መስመር ብቻ ያለበት ረቂቅ ሞካፕ አይባልም፤ ሲነካ ወደ ሌላ ገጽ የሚወስደውም ሌላ ስም አለው። ሞካፕ መካከል ላይ ነው፤ መልክ አለው፣ ሥራ የለውም።

በአማርኛ ምን እንበለው? ብዙ ሰው ቶሎ የሚያነሳው «ናሙና»ን ነው። እኔ አይዋጥልኝም። ናሙና ማለት እህል ገዢ ከጆንያው ዘግኖ በመዳፉ ላይ የሚያየው ነው፤ ጆንያው ከኋላው ቆሟል፣ የቀረው እህል እንደዚያው መሆን አለበት። ከሞካፕ ኋላ ግን ጆንያ የለም። «ንድፍ» ደግሞ የቤት ፕላኑንም የልብስ ቅዱንም ስለሚይዝ ለዚህ ሥራ ይሰፋል።

«መሰለ» ከሚለው ግስ ብንነሳ ይሻላል። ከእሱ ምስል ወጥቷል፣ ምሳሌ ወጥቷል፣ አምሳያ ወጥቷል። አስመሳይም የወጣው ከዚያው ቤት ነው። ለሞካፕ የሚቀርቡት ሁለቱ «አምሳያ» እና «ማስመሰያ» ናቸው። አምሳያ የሚመጣውን ነገር መልክ አስቀድሞ ያሳያል፤ ማስመሰያ ደግሞ የሌለውን አለ ያሰኛል። እንግሊዝኛው ቃል ሁለቱንም ሳይለይ ይይዛል፤ አማርኛ ግን ያስመርጠናል፣ ምርጫውም ጥሩ ነው። ለሥራው መደበኛ መጠሪያ «አምሳያ»ን መርጫለሁ፤ የአንድ ስክሪን ምስል ሲሆን «አምሳያ ገጽ»። አንድ ጣጣ አለው፤ «አምሳያ የሌለው መተግበሪያ» ብትሉ ሰሚው አቻ አጣ ማለታችሁ መስሎት ሊያደንቅ ይችላል። ለዚህ ዓረፍተ ነገር ብቻ ሞካፕን በብድር እንጠቀም።

ሁለቱ ቃላት አንድ ዕቃ ላይ ሊገናኙም ይችላሉ። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ጄፍ ሃውኪንስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ የሸሚዝ ኪስ የሚያህል እንጨት ቆርጦ ይዞ ይዞር ነበር። ስክሪንና አዝራር የተሣለበት ወረቀት ፊቱ ላይ ለጥፎበታል፤ ብዕሩ የእስያ ምግብ ከሚበላበት እንጨት ተቆርጦ የተሠራ ነው። ስብሰባ ላይ ቀጠሮ ሲጠይቁት እንጨቱን ከኪሱ ያወጣና በብዕሩ እየነካካ ቀኑ ክፍት መሆኑን «ያያል»። ከጎኑ የተቀመጠ ሰው ምን እንዳሰበ መገመት አያቅትም። ሰውየው ግን በዚያ እንጨት ስንት ጊዜ ከኪሱ እንደሚያወጣው፣ ለምን እንደሚያወጣው፣ የትኛው አዝራር እንደሚያስፈልገው ተማረ። ኋላ ፓልም ፓይለት የተባለው የኪስ ኮምፒውተር «ፓይለት» በሚል ስም በ1996 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ ዋለ፤ እንጨቱ ዛሬ ካሊፎርኒያ ውስጥ በኮምፒውተር ታሪክ ሙዚየም ይገኛል። ለተመልካች ማስመሰል ነበር፤ ለእሱ ግን አምሳያ።

ወደ ወጣቱ እንመለስ። ሥራ ፈላጊ ዲዛይነር የሚያሳየው ነገር ያስፈልገዋል፤ ያዘዘው ደንበኛ ግን የለም። ስለዚህ ስታርትአፑን ራሱ ይፈጥራል፤ ስም ያወጣለታል፣ ቀለም ይመርጥለታል፣ በይነገጹን ይሥልለታል። ዴይሊ ዩአይ የሚባል መቶ ርዕስ ያለው የልምምድ ተከታታይ አለ፤ የመጀመሪያው ርዕስ የመመዝገቢያ ገጽ ነው። እንዲህ ያለውን ሥራ «የምናብ ምርት አምሳያ» ልንለው እንችላለን። ነውር የለበትም፤ የሥነ ሕንፃ ተማሪም የማይሠራ ቤት ይነድፋል።

ችግሩ የሚመጣው ምናቡ እንከን ሲያጣ ነው። ድሪብል የተባለው የዲዛይነሮች መድረክ መጀመሪያ ላይ ሥራ የሚታይበት ምስል ስፋቱ 400 በ300 ፒክሰል ብቻ ነበር። በዚያች መስኮት ልቆ የሚታየው ያማረ ቁራጭ ነው፤ ገንዘብ ሳይገባ ሲቀር ምን እንደሚሆን የሚያሳይ ገጽ አይገባባትም። ፖል አዳምስ የተባለ ዲዛይነር በ2013 እ.ኤ.አ. ሙያው በሙሉ ወደዚያች መስኮት እየጠበበ ነው ብሎ የተቸው ጽሑፍ ብዙ አነጋግሯል። ትችቱ ትንሽ ከረር ቢልም አልተሳሳተም እላለሁ።

«ደረሰኝ»ን በቅርብ ስናየው ይኸው ነገር አለበት። ከስክሪኑ አናት ሰዓቱ 9:41 ይላል። ይህች ሰዓት ከአፕል ማስታወቂያ የመጣች ናት። በጥር 2007 እ.ኤ.አ. አይፎን ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ሲተዋወቅ፣ በትልቁ ስክሪን የሚታየው የስልኩ ሰዓት ከአዳራሹ ሰዓት ጋር እንዲቀራረብ ተፈልጎ 9:42 ተደረገ፤ በ2010 እ.ኤ.አ. አይፓድ ሲመጣ ወደ 9:41 ተስተካከለ። ከዚያ ወዲህ የዓለም ዲዛይነር ሁሉ ሳይጠይቅ ይገለብጣታል። እዚያ ጠዋት ናት። በእኛ አቆጣጠር ግን ያ ጠዋት 3:41 ነው፤ በአማርኛ ስክሪን 9:41 የሚያይ ሰው ከሰዓት በኋላ መሆኑን ነው የሚረዳው። ከሥሯ ደግሞ መተግበሪያው «እንደምን አደርክ» ይላል። ለማን? የተጠቃሚው ፎቶ የሴት ነው።

«ለሁሉም የሚሆን ብዬ ነው» አለኝ።

ለሁሉም አይሆንም። እንግሊዝኛው ስም ብቻ ቀይሮ ሁሉንም ሰው በአንድ ቃል ይቀበላል፤ አማርኛ ገና በሩ ላይ አደርክ፣ አደርሽ፣ አደሩ ብሎ ይለያል። «እርስዎ» ብሎ ሁሉንም ማክበር አንዱ መውጫ ነው፤ ያኔ ግን የሃያ ዓመት ልጅ ከእድሩ ደብዳቤ የደረሰው ይመስለዋል። የብራንዱ ድምፅ የሚባለው በአማርኛ ከቀለሙ በፊት እዚህ ላይ ይወሰናል። የእንግሊዝኛ አምሳያ ወስዶ መጨረሻ ላይ መተርጎም የማያዋጣውም ለዚህ ነው። ብዙዎች ደግሞ ጽሑፍ በሚገባበት ቦታ «ሎረም ኢፕሰም» የሚለውን፣ ከጥንታዊው ሮማዊ ጸሐፊ ከሲሴሮ ድርሰት ተቆራርጦ የተወሰደ የላቲን መሙያ ይደፉበታል። ፊደላችን ሲገባ አዝራሩ ይጠባል፣ «ቋ» እና «ጯ» ከመስመሩ ይወጣሉ።

የወጣቱ አክስት በሰፈራቸው የታወቁ እቁብ ሰብሳቢ ናቸው። «ለእሳቸው አሳየሃቸው?» አልኩት። አላሳየም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደወለልኝ፤ ስክሪኖቹን በወረቀት አትሞ ጠረጴዛቸው ላይ ዘርግቶላቸው ነበር። መጀመሪያ የጠየቁት ዋሱ የት እንደሚጻፍ ነው፤ ዕጣ የወጣለት ሰው ዋስ ሳይጠራ ብር አይወስድም። ቀጥለው ተራ የተሻሻጡ ሁለት ሰዎች እንዴት እንደሚመዘገቡ። ከዚያ ጳጉሜ። የቀን መምረጫው አሥራ ሁለት ወር ብቻ ነበረው፤ እሳቸው ጳጉሜ ላይ እቁብ እንደማይጥሉ፣ ያ ብር የበዓል መሆኑን ነገሩት። ባለ አሥራ ሁለት ወሩ ሰንጠረዥ በስህተት ልክ ወጣለት፤ እሱ ግን አልኮራም።

ያልጣለ አባልም አላየሁም ብለውት ስለነበር እዚያው ቁጭ ብሎ ሠራላቸው። ከአሥራ ሁለቱ ክብ ፎቶዎች አንዱን በቀይ ቀለበት ከበበው፣ «አልከፈለም» ብሎ ጻፈበት። በሙያው ትክክል ነው፤ የትም አገር እንዲህ ይሠራል። አክስቱ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ይቺን ቀይ አጥፋልኝ የኔ ልጅ» አሉት። «ሰው በሰው ፊት አይዋረድም። እኔ ደውዬ እነግረዋለሁ።»

አሁን በአምሳያው ላይ ቀይ የለም። ከስሙ ጎን ትንሽ የስልክ ምልክት አለች፣ ለሰብሳቢዋ ብቻ የምትታይ። ሰዓቱንም 3:41 አድርጎታል።