«ኤሊት» የኮምፒውተር ጨዋታ ካሴት

ፕላስቲክ፣ የቴፕ ክር፣ ወረቀትና ካርቶን
1984 እ.ኤ.አ.፣ ካምብሪጅ፣ እንግሊዝ
አሳታሚ፦ ኤኮርንሶፍት

ይህ ካሴት ዘፈን የለበትም። የቢቢሲ ማይክሮ ኮምፒውተር ባለቤት ቴፑን በሽቦ አገናኝቶ ሲያጫውተው፣ ጨዋታው በጩኸት መልክ ወደ ኮምፒውተሩ ይገባል፤ እስኪያልቅ ደቂቃዎች መጠበቅ ግድ ነበር። ተጫዋቹ መንኮራኩር እያበረረ ከፕላኔት ፕላኔት ይነግዳል፤ ከወንበዴዎች ጋርም ይዋጋል።

ደራሲዎቹ ዴቪድ ብሬበንና ኢያን ቤል ያኔ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። የኮምፒውተሩ ራም 32 ኪሎባይት ብቻ ነው፤ ከዚያም ላይ ስክሪኑ ድርሻውን ይወስዳል። ታዲያ 8 ጋላክሲዎች፣ እያንዳንዳቸው 256 ፕላኔቶችን ይዘው፣ እንዴት ገቡበት? አልገቡም። ሁለቱ ወጣቶች ያስቀመጡት የፕላኔቶቹን ዝርዝር ሳይሆን ስሌቱን ነው። ኮምፒውተሩ ከስድስት ባይት ቁጥር ተነስቶ የእያንዳንዱን ፕላኔት ስም፣ ቦታና የአስተዳደር ዓይነት በተፈለገ ጊዜ አስልቶ ያወጣል። መነሻው ቁጥር ስለማይለወጥ ውጤቱም በየቤቱ አንድ ዓይነት ነው። ሐሳባቸው ከ8 እጅግ የበዙ ጋላክሲዎችን ማስገባት ነበር፤ ቁጥሩን ያስቀነሳቸው አሳታሚው ነው።

አብራ የምትታየው ቀጭን ወረቀት ከኪቦርዱ ቀያይ ቁልፎች በላይ ትቀመጥ ነበር፤ የየቁልፉን ሥራ ታሳያለች።