የጣና ደንገል በአትላንቲክ ላይ

ከሾርት ኖርዝ ተነሥቶ በሃይ ስትሪት ወደ መሐል ከተማ የወረደ ሰው ሳዮቶ ወንዝን ለማየት ሩቅ አይሄድም። በዚህ ወንዝ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2014 የሳንታ ማሪያ መርከብ ቅጂ ቆሞ ነበር። ሳንታ ማሪያ ይህች ከተማ በስሙ የተጠራችለት ኮሎምበስ በ1492 አትላንቲክን ያቋረጠባት መርከብ ናት።

ለመሆኑ ከኮሎምበስ በፊት የጥንት ግብፃውያን ይህን ውቅያኖስ በደንገል ጀልባ ሊሻገሩት ይችሉ ነበርን? ጥያቄውን በተግባር ለመፈተን ሁለት ጀልባዎች ተሠርተዋል። የሁለቱም ደንገል የተቆረጠው ከጣና ሐይቅ ነው።

ነገሩን ያነሣው ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 ግብፅ ውስጥ በቂ ደንገል ስላልነበረ ፊቱን ወደ ኢትዮጵያ አዞረ። ከጣና የተሰበሰበው 12 ቶን ያህል ደንገል ወደ ግብፅ ተጓጓዘና በጊዛ ፒራሚዶች አጠገብ ከቻድ ሐይቅ የመጡ ባለሙያዎች ጀልባ አድርገው አሠሩት። ስሙም በፀሐይ አምላክ ስም «ራ» ተባለ። ደንገል በባሕር ውኃ ሁለት ሳምንት አይቆይም ያሉ አዋቂዎች ነበሩ።

«ራ» ከሞሮኮው የሳፊ ወደብ ግንቦት 17 ቀን 1961 ዓ.ም. 7 ሰዎች ይዞ ተነሣ። ሁለት ሳምንት ቀርቶ ሁለት ወር ሊሞላ ሲል 5,000 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ነበር። ይሁንና ባርቤዶስ ሊደርስ የአንድ ሳምንት መንገድ እንኳ ሳይቀረው ሰዎቹ ጥለውት ወጡ። ምክንያቱ ምን ነበር? በጥንታውያኑ የግብፅ ሥዕሎች ላይ ወደ ላይ ከጎበጠው የጀልባው ጭራ ወደ መሐሉ የተወጠረ ገመድ ይታያል። ሠሪዎቹ ገመዱ የጭራውን ቅርጽ ለመጠበቅ ብቻ የተደረገ መስሏቸው ተዉት። ገመዱ ግን የኋላውን ክፍል እንደ ደጋን ወጥሮ የሚይዝ ነበር። እሱ ሲጎድል ጭራው ዘቀጠ፤ ማዕበሉ ከኋላ ገባ፤ ነፋስ የሚመታው ጎን ውኃ ጠጥቶ ከበደ።

በዓመቱ ሁለተኛው ጀልባ ተሠራ። ደንገሉ አሁንም የጣና ነበር። ሠሪዎቹ ግን ከደቡብ አሜሪካው ቲቲካካ ሐይቅ የመጡ 4 የአይማራ ሰዎች ነበሩ። እነሱ ሁለት ታላላቅ ጥቅሎችን በመካከላቸው ካለ ቀጭን ጥቅል ጋር በአንድ ረጅም ገመድ ጠምዝዘው አጥብቀው አሰሩ። ርዝመቱ 12 ሜትር የሆነው «ራ 2» ግንቦት 9 ቀን 1962 ዓ.ም. ከሳፊ ተነሥቶ በ57 ቀን፣ ሐምሌ 5 ቀን፣ ባርቤዶስ ገባ። ዛሬ ኦስሎ በሚገኘው የኮን-ቲኪ ሙዚየም ይታያል።

ጉዞው ግብፃውያን አሜሪካ ደርሰዋል ለማለት ማስረጃ አይሆንም፤ ብዙዎቹ የታሪክ ሊቃውንትም ይህን አይቀበሉም። ያስረዳው ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም ደንገል በባለሙያ እጅ ከታሰረ ውቅያኖስ እንደሚሻገር ነው።

ይህ እውቀት በጣና ዳር ላሉት ለነገደ ወይጦ ከአባት ወደ ልጅ የወረደ ሙያ ነው። ታንኳቸው እህልና እንጨት ያመላልሳል፤ ገዳማቱን ከየብስ ያገናኛል። ደንገሉ ውኃ ሲጠጣ ታንኳውን ወደ ዳር አውጥተው ፀሐይ ላይ ያደርቁታል። እነዚሁ ሰዎች ግን ቀድሞ ጉማሬ ይበሉ ስለነበር ጎረቤቶቻቸው ሲያገልሏቸው ኖረዋል፤ የራሳቸው ቋንቋም ጠፍቶ ዛሬ አማርኛ ይናገራሉ። አሁን ደግሞ የደንገሉ ዳርቻ በእርሻና በከተማ መስፋፋት እየተመናመነ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ደግሞ እምቦጭ ሐይቁን ወሮታል።

የሳዮቶዋ ሳንታ ማሪያ ቅጂ ናት፤ እንጨቷ ቢበሰብስም ሌላ ቅጂ መሥራት ይቻላል። ደንገሉ ካለቀና ታንኳ ሠሪው ሙያውን ከተወ ግን የሚቀዳ ቅጂ የለም። «የአባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚለው ተረት በጣና ዳር ደንገል ላጣ ታንኳ ሠሪ እውነት እንዳይሆን፣ የአገር ቤቱም የውጭ አገሩም ኢትዮጵያዊ ስለ ጣና ሲነሣ ከገዳማቱ ጋር ደንገሉንና ታንኳ ሠሪውንም ማንሣት ይገባዋል።